የወጋ ቢረሳ

በዚህ ክረምት ከአሜሪካ ለእረፍት ከመጣ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ ልንጠጣ ተቀጣጠርን። ካፌው ውስጥ ገብተን ገና ሳንቀመጥ ሰውዬው ወንበር መምረጥ ጀመረ። መሀል ላይ ያለው አይሆንም። ቴሌቪዥኑ ሥር ያለውም አይሆንም። በመጨረሻ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለእኔ ሰጥቶ አንዲት ጥግ ያዘ።

"ምነው፣ አሜሪካን አገር የደህንነት ሥራ ጀመርክ እንዴ?" አልኩት።

ዝም አለኝ። የተቀየመኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካስ አልሰማኝም። ደግሜ ስነግረው ሳቀና፣ "ጆሮዬ ይጮኻል" አለኝ። "ሰው በበዛበት ቦታ ድምፅ ይደባለቅብኛል። ከንፈርህን ካላየሁ ግማሹ ወሬህ ያመልጠኛል።"

ማኪያቶው መጣ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ እቅፍ አድርጎ ያዘው እንጂ ቶሎ አልጠጣውም። የጣቶቹ ጫፍ አመድ መስሏል። ብርድ ሲነካቸው ደም ይሸሻቸዋል። እግሩም እንደዚሁ ነው፤ በባዶ እግሩ ሲቆም ጥጥ የረገጠ ይመስለዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኩት። "ቆየ" አለ፤ "ከዚያ ከሕመሜ ወዲህ ነው።" ለሐኪም ነግሮ እንደሆነ ስጠይቀው ግን ቆጣ አለ።

"አንተ ደግሞ! ከሞት የተረፈ ሰው ስለ ጆሮው ያማርራል እንዴ? ተመስገን ነው እንጂ!"

እናላችሁ፣ ይቺ መልስ ቤቴ ድረስ ተከትላኝ ገባች። እውነት ግን ከሞት የተረፈ ሰው የማማረር መብት አለው? ሕይወቱን ያህል ነገር ተሰጥቶት ሲያበቃ፣ "ጆሮዬ… ጣቴ… ድካሙ…" ማለት ውለታ ቢስነት አይሆንበትም? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር።

የጓደኛዬን ሕመም ልንገራችሁ። ፈቅዶልኛል፤ "ስሜን ብቻ ተወው" ነው ያለኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ገላውን ሲታጠብ አንደኛው ቆለጡ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ዳሰሰ። አያምም። ስላላመመው ተወው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን የተወው ስላላመመው ብቻ አይደለም። ለማን ይንገረው? እኛ ዘንድ እጁን ያመመው "እጄን" ይላል፤ ሆዱን ያመመው "ሆዴን" ይላል። ከወገብ በታች ያመመው ግን "እንትኔን" ነው የሚለው። "እንትን" ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ወራት አልፈው ወገቡን ሲቆርጠው ጊዜ ሐኪም ቤት ሄደ። የዘር ፍሬ ካንሰር ነው ተባለ። ሆዱ ውስጥ ወዳሉት ንፍፊቶችም ተሰራጭቷል። የታመመውን ቆለጥ በቀዶ ሕክምና አወጡለት፤ በጎደለው ቦታ ሰው ሠራሽ አስገቡለት፤ ከዚያ ለሦስት ወር ያህል ኬሞቴራፒ ወሰደ። ጸጉሩ ረገፈ፣ ከሰውነት ተራ ወጣ፣ በኋላ ግን ዳነ። ለአምስት ዓመት ቀጠሮውን እያከበረ ተመላለሰ። በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሙ እጁን ጨብጦ "እንኳን ደስ ያለህ፣ ከእንግዲህ ነጻ ነህ" አለው። ጓደኛዬ ከዚያ ወዲያ ሥራ ቀየረ፣ ከተማ ቀየረ፣ ኢንሹራንስ ቀየረ። ፋይሉ የት እንደቀረ እሱም አያውቅም። "ነጻ ነህ" የምትለዋን ቃል ግን እስከ ዛሬ ይዟታል።

ይህ በሽታ እንግዳ ጠባይ አለው። ካንሰር ሲባል ብዙዎቻችን ሽማግሌ ነው የሚታየን። ይሄኛው ግን በአብዛኛው የሚይዘው ከ15 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ያሉትን፣ ገና ትምህርት የሚጨርሱትን፣ ገና የሚያገቡትን ነው። እንደ ኖርዌይና ዴንማርክ ባሉ አገሮች በብዛት ይታያል፤ በአፍሪካውያን ዘንድ ብርቅ ነው። ጓደኛዬ "ከሐበሻ እኔን ብቻ ነው የያዘኝ" ብሎ ያስብ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ብቸኝነቱ ደግሞ ዝምታውን አባሰው።

ሁለተኛው ጠባዩ መዳኑ ነው። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሽታው ከተሰራጨ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ሰው ነበር። ታሪኩ የተለወጠው ካንሰርን በማይፈልግ ሰው ነው። ባርኔት ሮዘንበርግ የተባሉ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የኤሌክትሪክ ኃይል በባክቴሪያ ላይ የሚያደርገውን ለማየት ይሞክሩ ነበር። ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል ትተው እንደ ክር እየረዘሙ ሄዱ። ነገሩን ሲያጣሩት ሥራውን የሠራው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ኤሌክትሪኩን ካስተላለፈው ብረት፣ ከፕላቲነም የወጣ ውሁድ ሆኖ ተገኘ። ይህን በ1965 አሳተሙ። ሴል እንዳይከፋፈል የሚያደርግ ነገር ካንሰርንስ ለምን አያቆምም ተባለ። እነሆ ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ተገኘ።

በ1974 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ላውረንስ አይንሆርን ይህን መድኃኒት ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር አደባልቀው ጆን ክሌላንድ ለተባለ የ23 ዓመት ወጣት ሰጡ። በሽታው ሳንባው ድረስ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ በፊት የወሰዳቸው መድኃኒቶችም አልሠሩለትም። ክሌላንድ ዳነ። በኋላም የባዮሎጂ መምህር ሆነ። መድኃኒቱ በ1978 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዛሬ እዚያ አገር ይህ ካንሰር ከያዛቸው 100 ሰዎች 95ቱ ያህል ከአምስት ዓመት በላይ ይኖራሉ። በሕክምና ታሪክ ውስጥ "ተአምር" የሚለው ቃል ቢነገር ነውር የማይሆንበት አንዱ ቦታ ይሄ ነው።

ተአምሩ ግን ሒሳቡን ወዲያው አያቀርብም። በ2000 የሆላንድ ተመራማሪዎች ከዚህ በሽታ የዳኑ ሰዎችን ደም መርምረው ነበር። ሕክምናው ካበቃ ከ10 ዓመት በላይ ካለፋቸው ሰዎች ደም ውስጥ ፕላቲነሙ አሁንም ተገኘ። አስቡት! ሰውዬው አግብቷል፣ ወፍሯል፣ ሸብቷል፤ መድኃኒቱ ግን አልወጣም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለ መርፌ ይመጣል ብለው አልነበረም። ቢሆንም ተረቱ ልክ ገጠመ። የወጋው ሐኪም ጡረታ ወጥቷል። የወጋችው ነርስ ሥራ ቀይራለች። የተወጋው ሰው አእምሮ እንኳ ረስቶታል። የተወጋው ደም ግን አልረሳም።

መድኃኒቱ የጆሮን ረቂቅ ሴሎች ይጎዳል፤ ቀጭን ድምፅ ይጠፋል፣ ጩኸት ይቀራል። የእጅና የእግር ነርቮችን ይነካል፤ መደንዘዝ ይተዋል። የጣት ደም ሥሮች በብርድ ይኮማተራሉ። ኩላሊትን ያደክማል። ከእሱ ጋር የሚሰጠው ብሊዮማይሲን የተባለው ደግሞ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። ዓመታት ሲቆጠሩ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና የልብ ሕመም ከሌላው ሰው በለጥ ብሎ ይታያል። ኬሞቴራፒ ወይም ጨረር የወሰደ ሰው ሌላ ዓይነት ካንሰር የመያዝ ዕድሉም ከፍ ይላል። የቀረው አንዱ ቆለጥ የወንድነት ሆርሞኑን በበቂ ላያመርት ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ይደክመዋል፣ ይከፋዋል፣ ወኔው ይቀዘቅዛል፤ እሱ ግን "አረጀሁ" ይላል። ከመቶ ሁለት ያህሉ ላይ ደግሞ በቀረው ቆለጥ ሌላ አዲስ ካንሰር ይወጣል።

ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ሙሉ ጤና ሆነው ይኖራሉ። ብዙዎቹ ልጅ ይወልዳሉ። ነገር ግን ማን ላይ ምን እንደሚደርስ የሚታወቀው ሲታይ ነው። ክትትል የሚባለው ነገር ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ማየት።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

"አያማርርም" የሚሉ ወገኖች የሚሉት ነገር አላቸው፤ ልናቃልለው አይገባም። አብሮት ታሞ የሞተ ሰው አለ። ይህ ሰው በአልጋ ጎረቤቱ ፊት "ጣቴ ደነዘዘ" ለማለት ያፍራል፤ ማፈሩም ጨዋነት ነው። እኛ ደግሞ "ተመስገን" የሚለው ቃል አፋችን ላይ ያደገብን ሕዝቦች ነን። እንዴት አደርክ? ተመስገን። ሥራ እንዴት ነው? ተመስገን። ቤትህ ተቃጠለ አሉ? ሕይወቴ ተርፏል፣ ተመስገን። ይህ ቃል ስንቱን ችግር አሻግሮናል። በቀላሉ የሚጣል ቃል አይደለም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ተመስገን ለሰጪው የሚባል ነው እንጂ ሌላውን ዝም ለማሰኘት የተሠራ አይደለም። በወንጌል ውስጥ የዐሥሩን ለምጻሞች ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ከዐሥሩ አንዱ ብቻ ተመልሶ አመሰገነ። ሁልጊዜ የሚሰበክልን ይቺ አንዷ ናት። የማይሰበክልን ግን ከዚያ በፊት የታዘዙት ነገር ነው፤ ሂዱና ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ ነው የተባሉት። በኦሪት ሕግ ከለምጽ የነጻ ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። ካህኑ ያየዋል፣ ሰባት ቀን ከድንኳኑ ውጭ ይቆያል፣ እንደገና ሥርዓት ይፈጸምለታል። የዳነ ሰው መታየት እንዳለበት የዚያን ዘመን ሰዎች እንኳ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ምስጋናና ክትትል በአንድ ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የለያየናቸው እኛ ነን።

ለያይተናቸውስ ምን አተረፍን? ጓደኛዬ ማኪያቶውን ካጋመሰ በኋላ የነገረኝን ስሰማ፣ የዝምታ ዋጋ የሚከፈለው ሁልጊዜ በዝምተኛው ኪስ አለመሆኑ ገባኝ።

ከዳነ ከስድስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ አገባ። ሚስቱን ይዟት ሄደ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፤ ልጅ የለም። እዚህ ያሉት ቤተሰቦች በስልክ መጠየቅ ጀመሩ። መጀመሪያ በቀልድ፣ ከዚያ በምክር፣ ከዚያ በጸሎት። የሚጠየቀው ማን ነው? እሷ ናት። ለእረፍት ስትመጣ እናቱ ጸበል ወሰዷት። አክስቱ የምታውቀው ባህል ሐኪም ዘንድ ተላከች። አንዷ ዘመድ በሠርግ ላይ "የኔ ልጅ፣ ማህፀንሽን ታየሽ?" ብላ በሰው መሀል ጠየቀቻት። ይህ ሁሉ ሲሆን ወዳጄ አጠገቧ ተቀምጧል። ያውቃል። ባያውቅ እንኳ ይጠረጥራል።

ኬሞቴራፒው ከመጀመሩ በፊት አንዲት ነርስ ወረቀት ሰጥታው ነበር። የዘር ፈሳሹን በበረዶ ማስቀመጥ ይፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ በረዶ ሆኖ ከተቀመጠ ዘር የተፀነሱ ልጆች ከ1953 ጀምሮ አሉ። ጓደኛዬ ግን ወረቀቱን ሲያነብ ፊቱ ጋለ። ነርሷ ወጣት ናት። "አያስፈልገኝም" የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ መለሰላት። ወረቀቱ ላይ የፈጀው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ቢመረመር ደግሞ፣ በብዙ ሰው ላይ የዘር ምርቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይመለሳልና፣ ደህና ሆኖ ሊገኝም ይችል ነበር። አልተመረመረም። "ተመስገን ብዬ ትቼው ነበር" አለኝ።

ነገሩ የወጣው በጠባሳው ነው። ብሽሽቱ ላይ ያለውን ጠባሳ "የትርፍ አንጀት ነው" ብሏት ነበር። አራተኛው ዓመት ላይ እሷ የነርስነት ትምህርት ጀመረች። አንድ ምሽት መጽሐፏን ዘርግታ ተቀምጣ ሳለ ቀና ብላ፣ "ትርፍ አንጀት በግራ በኩል ነው እንዴ?" አለችው።

ያን ሌሊት ሁሉንም ነገራት። ሁለቱም ተመረመሩ። እሷ ላይ ምንም አልተገኘባትም። እሱ ላይ የዘር ቁጥሩ እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይቅር ብላኛለች ይላል። እኔ እሷን ጠይቄያት አላውቅም።

እንግዲህ ይህን ሰው ክፉ ነው እንበለው? እኔ እንዲህ አልልም። ሚስቱን ሊጎዳ አስቦ አይደለም ዝም ያለው። ዝም ያለው የሚናገርበት ቃል ስላልነበረው፣ ሲናገርም ውለታ ቢስ የሚባል ስለመሰለው ነው። ነገር ግን አላሰብኩም ማለት ከዕዳ አያወጣም። ስለ ራሱ ገላ ዝም የማለት መብት አለው እንበል፤ በእሱ ዝምታ ውስጥ ሌላ ሰው ሲከሰስ ግን መብቱ ያበቃል። እሷ አራት ዓመት ሙሉ ያልሠራችውን ኃጢአት ተሸክማለች። የእሱ "ተመስገን" በእሷ ጫንቃ ላይ ነበር።

ከሚስትም ያለፈ ነገር አለ። ኦስሎ ውስጥ ያሉ የኖርዌይ ሐኪሞች ከዚህ በሽታ የዳኑ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት እየተከታተሉ ጠይቀዋል፤ ሌሎችም አገሮች እንዲሁ። የሰዎቹ መልስ ሲሰበሰብ የሕክምናው መንገድ ተለወጠ። ድሮ በሽታው ካልተሰራጨ በኋላም "ለማንኛውም" ተብሎ ሆድ ላይ ጨረር የሚሰጣቸው ብዙዎች ነበሩ። ከዓመታት በኋላ በጨረሩ ሳቢያ ሌላ ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ሲቆጠሩ፣ ያ ልማድ ቀረ ማለት ይቻላል። ዛሬ ብዙዎቹ ቀዶ ሕክምናው ብቻ ተደርጎላቸው በቅርብ ክትትል ይቆያሉ። በሽታቸው ቀላል ለሆነላቸው አራት ዙር የነበረው ኬሞቴራፒ ወደ ሦስት ዝቅ ብሏል። ሆድ ውስጥ ያሉትን ንፍፊቶች የሚያወጣው ቀዶ ሕክምናም የዘር ፈሳሽን የሚያስወጡትን ነርቮች እንዳይቆርጥ ተደርጎ ተሻሽሏል።

ይህ ሁሉ የመጣው ከየት ነው? "ድኛለሁ፣ ግን…" ካሉ ሰዎች ነው። ያቺ "ግን" የምትለዋ ቃል ለራሳቸው ብዙም አልፈየደችላቸው ይሆናል፤ የእነሱ ጆሮና ነርቭ አንዴ ሄዷል። ከእነሱ በኋላ የመጣው ልጅ ግን አንድ ዙር መርዝ ቀነሰለት። እንዲህ ያለውን ማማረር ምቀኝነት ነው ወይስ ምጽዋት? እኔ ምጽዋት ነው እላለሁ።

አንድ ታዋቂ ሰው እናንሳ። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ በ1996 ይኸው በሽታ ሲገኝበት 25 ዓመቱ ነበር፤ ሳንባውና አንጎሉ ድረስ ደርሶ ነበር። ከዳነ በኋላ ቱር ደ ፍራንስን ከ1999 ጀምሮ ሰባት ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈ ተባለ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ያቺን ቢጫ የላስቲክ አምባር እዚህ አዲስ አበባም እጁ ላይ ያላደረገ ወጣት ጥቂት ነበር። በ2012 ግን በተከለከለ መድኃኒት መጠቀሙ ተረጋግጦ ሰባቱም ድሎች ተነጠቁ። ስለ ውድድሩ እዚህ አልፈርድም፤ ተፈርዷል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሲታከም ሐኪሞቹ ብሊዮማይሲንን በሌላ መድኃኒት ተክተውለታል፤ ሳንባው እንዲተርፍ። አንጎሉንም በጨረር ፈንታ በቀዶ ሕክምና አከሙለት፤ ሚዛኑ እንዳይዛባ። ለምን? ብስክሌተኛ ነዋ! ከዳነ በኋላ በምን እንደሚኖር ከመጀመሪያው ተጠይቋል።

መልካም። ታዲያ ብስክሌት የማይነዳውስ? በጆሮው የሚኖረው መምህር፣ በጣቱ የሚኖረው ልብስ ሰፊ፣ ልጅ የሚናፍቀው ሙሽራ፣ እነሱስ "ከዳንክ በኋላ በምን ትኖራለህ?" ተብለው ሊጠየቁ አይገባም? ሁሉም ሰው እሽቅድድም የለበትም፤ ሳንባ ግን ሁሉም አለው።

እዚህ ላይ የሐኪሙ ዕዳ ይመጣል። ሰው ያዳነ ሰው ሥራው የት ላይ ያበቃል? በአሜሪካ ፊትዝሂው ሙለን የሚባሉ ሐኪም ነበሩ፤ በ2019 ነው ያረፉት። እሳቸው ራሳቸው በ32 ዓመታቸው ደረታቸው ውስጥ ካንሰር ወጥቶባቸው ድነዋል። በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከካንሰር መትረፍ አንድ ቀን የሚፈጸም ነገር ሳይሆን እንደ ወቅቶች የሚፈራረቅ ነው ብለው በሦስት ከፈሉት፤ የሕክምናው ወቅት፣ ከሕክምና በኋላ ያለው የስጋት ወቅት፣ ከዚያም ዘለቄታ ያለው ወቅት። በሌላ አነጋገር "ታሞ ነበር፣ ዳነ" የምትለው ዓረፍተ ነገር አጥራለች። ከ20 ዓመት በኋላ በ2005 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ባወጣው ሪፖርት፣ ሕክምና የጨረሰ የካንሰር ታማሚ ሁሉ የተሰጠውን ሕክምናና ወደፊት መታየት ያለበትን ነገር የሚዘረዝር ጽሑፍ እንዲሰጠው ጠየቀ። አንድ ወረቀት ነው። "ነጻ ነህ" ከሚል እጅ መጨበጥ ይልቅ ያች ወረቀት ትሻላለች። ነጻነት ያለ ካርታ ከሆነ መጥፋት ነውና።

"ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛ ገና ማዳኑ መቼ ሞላልንና!" የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ግማሽ እውነት አለው። የዘር ፍሬ ካንሰር እኛ ዘንድ ብርቅ ነው። ነገር ግን ጡቷን ታክማ ድና ወደ ገጠር የተመለሰች እናት እጇ ሲያብጥ ለማን ትናገራለች? በልጅነቱ የደም ካንሰር ታክሞ የዳነ ልጅ ሲያድግ ልቡን ማን ያይለታል? ከሩቅ አገር ጥቁር አንበሳ ድረስ መጥቶ፣ ዘመድ ቤት ወለል ላይ ተኝቶ ሕክምናውን ለጨረሰ ሰው፣ የሚቀጥለው ዓመት ቀጠሮ ማለት የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የሥራ ቀን ኪሳራ ነው። እሱም "ተሽሎኛል፣ ተመስገን" ብሎ ይቀራል። የምናድነው ሰው በበዛ ቁጥር ይህ ጥያቄ እየጎላ ይመጣል። የድሆች ችግር የሞት ብቻ አይደለም፤ የመትረፍም ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ ዛሬ አንዲት ቃል ልጨምርበት፤ መዳኑን የደበቀም እንዲሁ ነው። በልጅነቱ ወይ በወጣትነቱ ካንሰር የታከመ ሰው አዲስ ሐኪም ፊት በቀረበ ቁጥር ምን እንደወሰደ መናገር አለበት። ብሊዮማይሲን የወሰደ ሰው፣ ለትርፍ አንጀትም ቢሆን (ለእውነተኛው!) ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ ለሚያደነዝዘው ባለሙያ መንገር አለበት፤ ብዙ ኦክስጅን ያንን ሳንባ ሊጎዳው ይችላልና። ግፊቱን፣ ኮሌስትሮሉን፣ ኩላሊቱን፣ ሆርሞኑን መታየት አለበት። ሲጋራ ቢያጨስ ሊተው ይገባዋል። የቀረውን ቆለጥ ራሱ በየጊዜው መዳሰስ አለበት፤ ይህ ነውር አይደለም፣ ጥበቃ ነው። የተሰጠህን ስጦታ ጥግ ላይ ጥለህ አቧራ ሲበላው "አመሰግናለሁ" ብትል ሰጪው ምን ይልሃል?

ከጓደኛዬ ጋር በቅሬታ ነው የተለያየነው። "አንተ ጋዜጠኛ፣ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ልታደርገኝ ነው" ብሎኝ ሄደ። ከሦስት ወር በኋላ ደወለ። ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነው፤ ድሮ በስልክ ይጮህ ነበር። ለካ ይጮህ የነበረው እኔን እንዳልሰማው ፈርቶ ነው። የድሮ ፋይሉን አፈላልጎ አግኝቷል። ተመርምሯል። ግፊት ተገኝቶበታል፤ ሆርሞኑም ዝቅ ብሏል። "አስር ዓመት ሙሉ እርጅና ያልኩት እሱ ነበር" አለኝ። መስሚያ መሣሪያ አድርጎለታል። ወደ ሐኪም የወሰደችው ሚስቱ ናት፤ ነርስ ሆናለች አይደል! ቀጠሮዎቹን የምትጽፈውም እሷ ናት።

"ጩኸቱስ ቆመ?" አልኩት።

"የለም" አለኝ። "ጆሮዬ ይጮኻል፣ ተመስገን።"

ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።